አባትየውስ ተሳፍሯል?

ጡረታ ስወጣ «አይዞህ» ያላለኝ ሰው የለም። ሥራ ያቆመ ሰው ወዲያው የሚሞት ይመስላቸዋል መሰለኝ። እኔ ግን ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ሞቼ ስለማውቅ ብዙም አልደነገጥኩም። ያውም የገደለኝ የራሴ ፕሮግራም ነው። ለቅሶዬ ላይ ተገኝቻለሁ፣ ንፍሮዬን ቆርጥሜአለሁ፣ ስለ ደግነቴ የተነገረውንም በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። አብዛኛው ውሸት ነበር።

ማርቆስ ሄራሞ እባላለሁ። አገር ቤት፣ ዱራሜ፣ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ጆሃንስበርግ ስገባ ስለ ሒሳብ የጠየቀኝ የለም፤ የአገሬ ልጆች ተቀብለው ኦሬንጅ ፋርም ወሰዱኝና ስፓዛ ከሚሉት የሰፈር ሱቅ የብረት ፍርግርግ ጀርባ አቆሙኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደቡብ አፍሪካን ያየኋት ዳቦና ወተት በሚያሳልፍ ቀዳዳ ነው። በደንበኛና በደንበኛ መካከል ሽፋኑ የተገነጠለ የጃቫ ፕሮግራሚንግ መጽሐፍ አነብ ነበር። አንዲት አሮጊት ደንበኛዬ መጽሐፍ ቅዱስ መስሏቸው «ፓስተር» ይሉኝ ነበር፤ እኔም አላረምኳቸውም፤ ፓስተር የሚዘርፍ ሌባ ጥቂት ነው።

ከዚያ ከተማ መሀል፣ ጄፕ መንገድ፣ ኮምፒዩተር ጠገንኩ። ከዚያ ብራምፎንቴን ውስጥ የጭነት መኪናዎችን ጉዞ የሚከታተል ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅት ቀጠረኝ። የመኖሪያ ወረቀቱን ነገር፣ ሰልፉንና ማሳደሱን፣ ከጀመርኩት ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋል። ደመወዜን ደግሞ ባለቤቴ ታደለች ያላወቀችውን እናንተ ልታውቁ አይገባም። አለቃችን ክሬግ ማንኛውም ሥራ እስከ ዓርብ ያልቃል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። የትኛው ዓርብ እንደሆነ ግን በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም።

ሥራውን ያስተማረኝ ባባ ሲቶሌ ነው። የሶዌቶ ሰው፣ ከድርጅቱ ሁሉ ሸምገል ያለ፣ ባርኔጣውን ለእንቅልፍ ብቻ የሚያወልቅ። ልክ አራት ሰዓት ላይ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ከኪሱ ያወጣና በክሬግ ጠረጴዛ ጠርዝ ይሰብራል፤ በሌላ ጠረጴዛ ሲሰብር አይቼው አላውቅም። የመጀመሪያ ቀኔ «ሳውቦና» ብሎ ሰላም አለኝና ስሜን ጠየቀኝ።

«ማርቆስ።»

«የማን ልጅ?»

«የሄራሞ።»

«የሄራሞ አባትስ?»

አባቴ በልጅነቴ ሰባት ቤት አስቆጥሮኛል፤ አያት ቅድመ አያቴን ጠራሁለት። ባባ ሲቶሌ ከወንበሩ ተነሣና እሱም በተራው የጎሳውን ስም ከነሙገሳው በዙሉ ያዥጎደጉደው ጀመር። ቢሮው ጸጥ አለ። ክሬግ ችግር የተፈጠረ መስሎት እየሮጠ ወጣ።

«ምንም የለም፤ እየተዋወቅን ነው» አለው ባባ ሲቶሌ፣ ወደ ሦስተኛው አያቱ እየተሻገረ።

ይኸው አመሉ ሥራውም ውስጥ ነበር። በእኛ ሙያ ክላስ የሚባል አለ፤ አንድ ነገር ምን ምን እንደሚይዝ የሚደነግግ ንድፍ ነው። ልጅ ክላስ ከአባት ክላስ ይወርሳል። ለምሳሌ «የጭነት መኪና» ከ«ተሽከርካሪ» ይወለዳል፤ ታርጋውና ሞተሩ አባትየው ዘንድ ስለተጻፉ ልጅየው ደግሞ አይጽፋቸውም። በንድፉ የሚሠራው እያንዳንዱ መኪና ኦብጀክት ይባላል፤ የሚኖረው ግን ኮምፒዩተሩ መብራት እስካለው ድረስ ነው። ስለዚህ ፋይል ላይ እንጽፈዋለን፣ መብራት ሲመለስም ከፋይሉ አንብበን እናስነሣዋለን። ሲሪያላይዜሽን የሚሉት ይህንን ነው። መብራት በተራ በሚጠፋባት ከተማ፣ ሎድ ሼዲንግ በሚሉት አገር፣ ይህ ሥራ ቅንጦት አልነበረም።

ባባ ሲቶሌ ኪቦርድ ከመንካቱ በፊት የመብራት ሒሳብ ወረቀት ይገለብጥና ጀርባው ላይ የክላሱን ትውልድ ከላይ ወደ ታች ይስላል። ከዚያ እርሳሱን ልጅየው ላይ ያሳርፋል።

«ይሄ ታክሲ ሊሳፈር ነው። ተሳፍሯል?»

«ተሳፍሯል።»

«አባትየውስ ተሳፍሯል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃቫ ውስጥ ልጅየው «ፋይል ላይ መጻፍ ይቻላል» የሚል ፈቃድ ቢኖረው እንኳ አባትየው ፈቃዱ ከሌለው የአባትየው ድርሻ ሳይጻፍ ይቀራል። ማንም አይጮህም። ልጅየው ብቻውን ይሄዳል፤ ሲመለስ ፕሮግራሙ እንደ አዲስ አባት ፈጥሮ ይሰጠዋል። ባባ ሲቶሌ ይህን ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ ይጠይቀኝ ነበር፤ እኔም በልቤ «ሽማግሌው ዛሬም ጀመረው» እል ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ ለተማሪዎቼ ተርቼ ነበር፤ ለራሴ ግን አልሆነኝም።

በዚያን ጊዜ ዕድራችን አባላቱ በዝተው ነበር። ከምባታው፣ ሀዲያው፣ ወላይታው፣ ስልጤው፣ ጉራጌው፤ ሁላችንም በአማርኛ ተግባብተን በየቋንቋችን የምንነጫነጭበት ዕድር ነው። ሊቀመንበሩ ጋሽ ሸምሱ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ከተማ መሀል ጅምላ ያከፋፍላሉ። የአባላቱ መዝገብ በፕላስቲክ የተጠቀለለ አንድ ወፍራም ደብተር ሲሆን ከእጃቸው አይለይም። ሰው ሲሞት አስከሬኑን አገር ቤት የሚልከው ዕድሩ ነው። ከመላኩ በፊት ግን መርዶው አለ። እኛ ዘንድ ወንድም የወንድሙን ሞት በስልክ አይሰማም። ሽማግሌዎች በማለዳ ቤቱ ሄደው፣ አስቀምጠው፣ ደግፈው ነው የሚነግሩት።

እኔም ፕሮግራም ልሥራላችሁ አልኩ። ማን ጠየቀህ አትበሉኝ። ጋሽ ሸምሱ የሟቹን ቁጥር ሲያስገቡ ፕሮግራሙ ለአባላቱ ሁሉ መልእክት ይልካል፤ የሟቹን የቅርብ ዘመድ ግን ይዘልና በምትኩ በዘመድየው ሰፈር ላሉ ሦስት ሽማግሌዎች «ሄዳችሁ አርዱ» ይላቸዋል። በዚህ ሐሳቤ በጣም እኮራ ነበር፤ አሁንም እኮራለሁ።

ባባ ሲቶሌ የሠራው «ሰው» የሚባል ክላስ ነበር፤ ስም፣ የአባት ስም፣ አድራሻና የቅርብ ዘመድ የሚይዝ። አስፈቅጄ ወሰድኩት፤ ሌሎች ፕሮግራሞችም ስለሚጠቀሙበት እንዳልነካው አስጠነቀቀኝ። ከሱ በታች «አባል» የሚል ልጅ ክላስ ጻፍኩ፤ የአባልነት ቁጥር፣ ስልክና ሰፈር የሚይዝ።

«አባትየውስ ተሳፍሯል?» አለኝ ባባ ሲቶሌ፣ እንቁላሉን እየላጠ።

«ተሳፍሯል» አልኩት። አላየሁም ነበር።

ስሞክረው ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ጮኸ። ያለ ምንም መረጃ «ሰው» የምፈጥርበት መንገድ ስጠኝ ነው የሚለው። ለምን እንደሚፈልገው መጠየቅ ነበረብኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እኔ ግን መንገዱን ጻፍኩለትና ጸጥ እንዲል የሆነ ስም ጨመርኩበት። የማንን ስም? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ፤ የራሴን። አድራሻው የኔ የዮቪል ቤት፣ የቅርብ ዘመዱም ታደለች።

ለኮሚቴው የማሳይበት ቀን ደረሰ። ጋሽ ሸምሱ ደብተራቸውን አቅፈው መጡ።

«መብራት ሲጠፋስ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ፋይል ላይ ተጽፏል።»

«የኔ ደብተር መብራት አትፈልግም።»

«እስቲ ይዩት» አልኩና ኮምፒዩተሩን ከሶኬቱ ነቀልኩት፤ መልሼ ሰካሁት፤ የራሴን ቁጥር አስገባሁ። ማርቆስ ሄራሞ፣ ዮቪል፣ የቅርብ ዘመድ ታደለች። ድንቅ! ኮሚቴው አጨበጨበ። እኔም እጅ ነሣሁ። ከአራት መቶ አባላት መካከል ያ ፕሮግራም በትክክል ሊያስታውሰው የሚችለው ብቸኛ ሰው እኔ እንደሆንኩ ያወቀ አልነበረም።

የአባላቱን መዝገብ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ካስገባሁ በኋላ አራት ወር ሰላም ሆነ፤ ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ትልቅ ባትሪ ስለነበር ኮምፒዩተሩ አንድም ቀን አልጠፋም። ከዚያ መብራቱ ጠፍቶ ጠፍቶ ባትሪው ደከመ፤ ኮምፒዩተሩም ጠፍቶ ተነሣ። አራት መቶ አባል ቁጥሩንና ስልኩን ይዞ ተመለሰ። ስሙ ግን ሁሉም ማርቆስ ሄራሞ፤ መኖሪያው ሁሉም የኔ ቤት፤ ታደለችም የአራት መቶ ሰው የቅርብ ዘመድ።

በማግስቱ ጋሽ ሸምሱ ከሱብሂ ሶላት በኋላ አንድ ሰው በሆስፒታል ማረፉን ሰሙ። ቁጥሩን ከደብተራቸው አይተው 217 ብለው አስገቡና ላክ የሚለውን ተጫኑ። መነጽራቸውን አላደረጉም፤ ቁጥር ለማስገባት መነጽር አያስፈልጋቸውም።

እኔ መታጠቢያ ቤት ጺሜን እየተላጨሁ ነበር። በሩ ተንኳኳ፤ ታደለች ከፈተች። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ዮሐንስ ሁለት ሰው አስከትለው ገቡ።

«ታደለች ልጄ፣ እስቲ ቁጭ በይ።»

«ምነው በጠዋት? ደኅና አይደላችሁም?»

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። ሁላችንም መንገደኞች ነን።»

«ቆይ ማርቆስን ልጥራው።»

ይሄኔ አንደኛው ሽማግሌ መሪር ልቅሶውን ለቀቀው። «ትጠራዋለች! አልሰማችም እኮ፣ ትጠራዋለች!»

እኔም የተጠራሁ መስሎኝ ወጣሁ፤ ግማሽ ፊቴ አረፋ ነው፣ ወገቤ ላይ ፎጣ። ጋሽ ዮሐንስ «በኢየሱስ ስም!» ብለው ሶፋው ጀርባ ገቡ። ሠላሳ ዓመት ስለ ትንሣኤ ሲሰብኩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሲያዩት ግን አልወደዱትም።

ታደለች ወገቧን ይዛ «ምን ሆናችኋል? ይኸው ማርቆስ!» አለች። ስልካቸውን አሳዩን፤ «ማርቆስ ሄራሞ አርፏል፤ ሄዳችሁ ለታደለች አርዱ» ይላል። ሳነበው ፕሮግራሜ እንደተበላሸ ገባኝ፤ ምን ያህል እንደተበላሸ ግን ገና አልገባኝም። ጋሽ ሸምሱ ጋ ብደውል ስልካቸው ተዘግቷል፤ እሱም ባትሪ ጨርሷል።

ከዚያ ሕዝቡ መምጣት ጀመረ። ከኦሬንጅ ፋርም፣ ከኮዝሞ ሲቲ፣ ሱቁን እየዘጋ። ከታች ፎቅ ያሉት ኮንጎ ጎረቤቶቻችን ወንበር አወጡልን። ሴቶቹ ንፍሮ በትልቅ ድስት ይዘው ደረጃውን ወጡ። ሲያዩኝ እልል ብለው አቀፉኝ፤ ድስቱን ግን አስቀመጡት።

«መልሱት እንጂ፣ አልሞትኩም እኮ!»

«የተቀቀለ ንፍሮ አይመለስም» አለችኝ አንዷ። «አሁን ብላ፤ ስትሞት ደግሞ ሌላ እንቀቅላለን።»

ተስፋዬ ሎዳሞ ከኮዝሞ ሲቲ ሲደርስ ጩኸቱ ከመንገድ ተሰማ። ወዳጄ ነው። እሱና ታናሽ ወንድሙ ጴጥሮስ ከኔ ጋር በአንድ መንገድ የመጡ ናቸው፤ ጴጥሮስ ኦሬንጅ ፋርም ያለውን የድሮ ሱቄን ተረክቦኝ ነበር። ተስፋዬ በሩ ላይ ሲያየኝ መጀመሪያ በጥፊ መታኝ፣ ከዚያ አቀፈኝ፣ ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ።

«አንተ ከንቱ! ታክሲ ውስጥ ደረቴን ስመታ ሹፌሩ ‹ሶሪ ባባ› ብሎ በነፃ አደረሰኝ። አሁን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ተስፋዬ ጥግ ላይ ተቀምጦ ንፍሮውን በእፍኙ እየቃመ፣ የገደለኝን ፕሮግራም እያማ እንባው እስኪወርድ ይስቅ ነበር።

በዚህ መሀል ጋሽ ሸምሱ ደብተራቸውን ይዘው ገቡ። መብራት አግኝተው ስልካቸውን ሲከፍቱ መልእክቱን አይተው ነው የመጡት። ወደ ኩሽና ጎተቱኝ።

«ማርቆስ፣ እኔ ያስገባሁት 217ን ነው።»

«217 ማነው ጋሼ?»

ደብተሩን ገለጡልኝ። ጴጥሮስ ሎዳሞ፣ ኦሬንጅ ፋርም። የቅርብ ዘመድ፣ ተስፋዬ ሎዳሞ፣ ኮዝሞ ሲቲ። ከሳሎን የተስፋዬ ሳቅ ይሰማ ነበር።

እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን የለም። ሽማግሌዎቹ በዓይን ተነጋገሩ፤ ቤቱ ወስደን እንነግረዋለን ተባለ። ጋሽ ዮሐንስ «ተስፋዬ፣ ሱቅህ ላይ ትንሽ ችግር አለ አሉ፤ እንሂድ» አሉት። የስፓዛ ሰው ሱቅህ ሲሉት ይነሣል፤ ተነሣ። ጋሽ ሸምሱ ባኪ የሚሏትን ፒክአፕ መኪናቸውን ሲነዱ እኔና እሱ አጠገባቸው ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ በሌላ መኪና ተከተሉን።

እስከ መንገዱ እኩሌታ ስለ ሱቁ ሲያወራ ቆየና ድንገት ወደ እኔ ዞረ።

«ማርቆስ፣ መልእክቱ ያንተ ካልሆነ የማን ነበር?»

እኔ ጋሽ ሸምሱን አየኋቸው። ጋሽ ሸምሱ መንገዱን አተኩረው ያያሉ። ዝምታችን መርዶው ሆነ። መኪና ውስጥ፣ ቀይ መብራት ላይ፣ ደጋፊ ሽማግሌ በሌለበት ሰማው። አልጮኸም። መዳፉ ላይ የቀረችውን አንዲት የስንዴ ፍሬ እያየ «ስቄ ነበር» አለ። «ወንድሜ ሞቶ፣ እኔ ያንተን ንፍሮ እየበላሁ እስቅ ነበር።»

ጴጥሮስን አገሩ ላክነው፤ ያ እንኳ በደብተሩ ኃይል ተሳካ። የኔ ፕሮግራም ግን ከአንድ ሰው ላይ መርዶን በወግ የመስማትን ነገር ነጠቀ። እኔ ደግሞ የሠራሁት ለዚያ ብቻ ነበር።

ሰኞ ለባባ ሲቶሌ ነገርኩት። ወረቀቱን ገለበጠ።

«ልጁ ተሳፍሯል?»

«ተሳፍሯል።»

«አባትየውስ?»

«ቀርቷል።»

«በሱ ወንበር ማን ተቀመጠ?»

«እኔ።»

«ሃይቦ!» ብሎ ሳቀ፤ እንቁላሉ ትን እስኪለው ሳቀ። የተስፋዬን ስነግረው ግን ሳቁን አቆመ። ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ያን ራሱን ያየሁት የዚያን ዕለት ብቻ ነው፤ መላጣ ነበር።

«ራሱን የሚፈልግ ሰው ምንጊዜም ያገኛል» አለኝ። «ስትሞክር ሌላ ሰው ፈልግ።»

ክሬግ እስከ ዓርብ የሚያልቅ ሥራ ይዞ ሲመጣ ባባ ሲቶሌ በእጁ መለሰው፤ ቀኑን ሙሉ አብረን ሠራን። አባት ክላሱን መንካት ስለማይቻል ልጁ አባቱን እንዲያዝል አደረግን። «አባል» ሲጻፍ የራሱን ከጻፈ በኋላ የአባትየውን ስም፣ የአባት ስም፣ አድራሻና ዘመድ በተራ በእጁ ይጽፋል፤ ሲነበብም በዚያው ተራ ያነባል። ተራው ከተዛባ የሰውየው መንደር ስሙ ሆኖ ቁጭ ይላል። ባባ ሲቶሌ የኔን ስም ያለ መረጃ «ሰው» ከሚፈጠርበት መንገድ ላይ አጠፋና ስም ለሌለው ሰው መልእክት እንዳይሄድ ከለከለ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጋሽ ሸምሱ እያነበቡልኝ፣ የአባላቱን ስም ከደብተሩ መልሼ አስገባሁ። በየስሙ መሀል «መብራት አትፈልግም አላልኩህም?» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዮቪል ውስጥ ስሜ ሟቹ ማርቆስ ሆነ። ልጆች ሳይቀሩ «ሟቹ፣ ደኅና አደሩ» ይሉኛል። ተስፋዬ ዓመት ያህል ራቀኝ፤ ከዚያ መምጣት ጀመረ። ይቅር ብሎኛል፤ ለሌላ ሰው ሲነግር ሰምቻለሁ። ግን ቤቴ ገብቶ አንድም ቀን አልሳቀም። ሌላ ቦታ ይስቃል፤ እኔ ቤት ግን ያችን ጥግ አይቶ ፊቱን ያዞራል።

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ወር ነው። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ክሬግ ለካ ልክ ነበር። ኬክ ቆረጡልኝ፤ ባባ ሲቶሌም ከሶዌቶ መጣ፤ አሁን ዶሮ ስለሚያረባ እንቁላሉ የራሱ ነው። የዕድሩንም ፕሮግራም ለሌላ ሰው ላስረክብ ስለሆነ ፋይሉን ከመጀመሪያው ጀምሬ አንድ በአንድ ማንበብ ያዝኩ። 217 ላይ ስደርስ ቆምኩ። ማርቆስ ሄራሞ ይላል። ስሞቹን ያረምንበት ገጽ በሕይወት ያሉትን ብቻ ነበር የሚያሳየው። ጴጥሮስ ይህን ሁሉ ዓመት በኔ ስም ሞቶ ነበር የተቀመጠው።

ተስፋዬን ጠራሁት። መጣና ሳይቀመጥ ስክሪኑን አየው።

«ንገረኝ፣ ልጻፈው» አልኩት።

«ጴጥሮስ።»

«የማን ልጅ?»

«የሎዳሞ፣ የአኑሎ፣ የኤርጋኖ...»

«ተስፋዬ፣ ቦታው ለሁለት ስም ብቻ ነው።»

«ጡረተኛ አይደለህ? ጊዜ አለህ። ቦታ ሥራለት።»

ሠራሁለት። ሰባቱን አባቶች አንድ በአንድ እየጠራ እኔ ጻፍኩ፤ ታደለች ሻይ አምጥታ ቆማ ታዳምጣለች። ጨርሼ አስቀመጥኩና ኮምፒዩተሩን ከሶኬቱ ነቀልኩት። ተስፋዬ ክንዴን ያዘኝ። መልሼ ሰካሁት፤ ቆይቶ ተነሣ፤ 217 ብዬ አስገባሁ፤ በሚሰማው ድምፅ አነበብኩለት። ጴጥሮስ፣ የሎዳሞ ልጅ፣ እስከ ሰባተኛው ድረስ።

«ሁሉም አሉ?» አለ።

«ሁሉም ተሳፍረዋል።»

ተስፋዬ ያችን ጥግ አያት፤ ሄደና ተቀመጠባት። ሻዩን ተቀበለ።

«እንግዲህ አንተም ስምህን ውሰድና ጡረታህን ብላ» አለኝ፤ ሳቀም። ታደለች ንፍሮ ባይኖርም ቆሎ አለ ብላ ወደ ኩሽና ገባች።